ሽጉጥ ስትገዙ፦ የምትከፍሉት ለስም ነው ወይስ ለማይከዳ ዕቃ?

«ግሎክ ልግዛ ወይስ ያቺን የ280 ዶላሯን?»

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ግሎክ ስም ያለው ውድ ሽጉጥ ነው፤ የ280 ዶላሯ ደግሞ ርካሿ ናት። የሚጠይቁኝ ነዳጅ ማደያ የሚሠሩ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ ሱቃቸውን እኩለ ሌሊት ላይ ብቻቸውን የሚዘጉ ወገኖች ናቸው። ብዙዎቹ አገር ቤት ሳሉ መሣሪያ ነክተው አያውቁም። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነው። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ሽጉጥ ርካሽ ነበር። የማን ሥራ እንደሆነ አልጠቅስም። የመጀመሪያው ሳጥን ጥይት ሳያልቅ አራት ጊዜ ነከሰብኝ። የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀለህ ሳይወጣ ተወሽቆ ይቀራል፣ ወይም አዲሱ ጥይት ሳይጎርስ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ለፋብሪካው ላክሁት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። እንደገና ነከሰ። በመጨረሻ ችግሩን ሳልደብቅ ነግሬ በግማሽ ዋጋ ለነጋዴ ሸጥኩት። የከሰርኩትን ገንዘብ፣ የጥይቱንና የመላኪያውን ስደምረው ጥሩውን ሽጉጥ መጀመሪያውኑ ገዝቼ ይተርፈኝ ነበር።

ከዚያ የተማርኩት ይህን ነው። ጥሩ ስም ያለው ፋብሪካ መልካም ዕድላችሁን ያሰፋዋል። ዋስትና የሚሆናችሁ ግን ራሳችሁ ተኩሳችሁ የፈተናችሁት፣ ያ በእጃችሁ ያለው አንዱ ሽጉጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በጀት ስትይዙ ለፈተናውም ገንዘብ አስቀሩ።

1. መግዛት ይፈቀድላችሁ እንደሆነ አረጋግጡ

አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት በፌዴራል ሕግ 21 ዓመት መሙላት አለባችሁ። 4473 የሚባለውን ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ነጋዴውም የጀርባ ታሪካችሁን ያስጣራል። ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው በአብዛኛው አይችልም። ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን ጠይቁ። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት መኖሪያ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል።

ቅጹ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀሙ እንደሆነም ይጠይቃል። ብዙ ወገን የማያስተውለው ነገር እዚህ አለ፤ እሱም ጫት ነው። አገር ቤት ጫት ገበያ ላይ የሚሸጥ ቅጠል ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ ተመድቧል። ማሪዋናም የምትኖሩበት ስቴት ቢፈቅደውም በፌዴራል ደረጃ ችግር ነው። ቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ «እኔ ወረቀት የለኝም፣ በአንተ ስም ግዛልኝ» ላላችሁ ሰው እሺ አትበሉ። ወንድም ይሁን የአክስት ልጅ፣ በእሱ ገንዘብ ለእሱ መግዛት ከ2022 ጀምሮ እስከ 15 ዓመት ሊያሳስር የሚችል የፌዴራል ወንጀል ነው። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ለመላክ ብላችሁ አትግዙ። ያለ መላኪያ ፈቃድ ከአሜሪካ ማውጣት ወንጀል ነው። ኢትዮጵያም ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ማስገባት ያስቀጣል።

የስቴቱ ሕግም ምርጫችሁን ያጠበዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ከመግዛታችሁ በፊት የአራት ሰዓት ሥልጠና ወስዳችሁ፣ አሻራ ሰጥታችሁ ልዩ ፈቃድ ታወጣላችሁ። ነጋዴው መሸጥ የሚችለውም በስቴቱ ዝርዝር ውስጥ ያለውን ሽጉጥ ብቻ ነው፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ የጥይት ካዝናም (አንዳንዶች ካርታ የሚሉት) አይሸጥም። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሽጉጡን ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ወዳጃችሁ የገዛውን አይታችሁ አትወስኑ።

2. ለምን እንደምትፈልጉት ለራሳችሁ መልሱ

ቤት ለሚቀመጥ ሽጉጥ መካከለኛ ወይም ትልቅ መጠን ይሻላል። ክብደቱ እርግጫውን (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ኃይል) ይቀንሳል፣ እጀታው ሙሉ እጅ ይይዛል፣ ዒላማውን ለማግኘትም ይቀላል። ትንንሾቹ የሚያምሩት ለመያዝ ብቻ ነው። ሲተኮሱ እጅ ይመታሉ። ጀማሪ ሰው ትንሽ ሽጉጥ ገዝቶ፣ እርግጫውን ፈርቶ፣ ልምምድ አቁሞ አይቻለሁ። ልብሱ ሥር ይዞ የሚንቀሳቀስ፣ ፈቃዱም ያለው ሰው ግን መጠኑን ማሳነሱ ግድ ይሆንበታል።

ጥይቱን በተመለከተ ብዙ አታስቡ፤ 9 ሚሊ ሜትር በ19 (የመጀመሪያው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው) ያዙ። ዋጋው ይረክሳል፣ የትም ይገኛል፣ እርግጫውም ይቻላል። የአሜሪካ ኤፍ ቢ አይ ሳይቀር 40 ካሊበር የሚባለውን ወፈር ያለ ጥይት ትቶ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመልሷል። ትልልቆቻችን «ከማካሮቭ የሚበልጥ የለም» ሲሉ እሰማለሁ። ማካሮቭ በዘመኑ ጠንካራ ሽጉጥ ነው። ግን ጥይቱ 9 በ18 ነው። ሱቅ ውስጥ «9 ሚሊ» ተብሎ ከሚሸጠው ጋር አንድ አይደለም፣ አይለዋወጥም። አሜሪካ ውስጥም ጥይቱን እንደ ልብ አታገኙትም።

አንድ ከባድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ቤታችሁ ውስጥ በጭንቀት ወይም በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ያለ ሰው ካለ፣ አሁን አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህን ርዕስ እኛ ሰዎች በቤታችን አናነሣውም። 988 ላይ ደውሎ እርዳታ ማግኘት ይቻላል።

3. ጠቅላላ ወጪውን አስሉ

ሽጉጡ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ነው። ለመፈተሻና ለመለማመጃ ቢያንስ 500 ጥይት ያስፈልጋችኋል። የ50 ፍሬ ሳጥን ተራ የመለማመጃ ጥይት ከ12 እስከ 17 ዶላር ነው፤ ስለዚህ 500ው ወደ 150 ዶላር ይጠጋል። ለመከላከያ የሚያዘው፣ ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው ጥይት በጣም ይወደዳል፤ ሁለት ባለ 20 ሳጥን ከ40 እስከ 60 ዶላር አስቡ። ተጨማሪ ካዝና እንደ ፋብሪካው ከ20 እስከ 50 ዶላር ነው። የሚቆለፍ ትንሽ የብረት ሳጥን አለ። ይዛችሁ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ምላጩን (ለመተኮስ በጣት የሚሳበውን) ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር፣ ማለትም የሽጉጥ መያዣ፣ አለ። የአንድ ቀን ሥልጠና አለ።

እነዚህን ስትደምሩ ከሽጉጡ ውጪ ከ400 እስከ 500 ዶላር ትደርሳላችሁ። አሁን ጥያቄውን መልሳችሁ እዩት። በ280 ዶላሩና በ550ው መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ይመስል ነበር። ጠቅላላው ሲታይ ግን አንዱ 750፣ ሌላው 1000 ዶላር አካባቢ ነው። ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው።

በጀታችሁ በጠቅላላው 600 ዶላር ብቻ ከሆነ ደግሞ የ550 ዶላር ሽጉጥ ገዝቶ ሳይተኩሱት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ስሕተት ነው። የ300 ዶላሩን ገዝታችሁ 300 ጥይት ብትፈትኑበት ይሻላል። እኔ ይህን በእርግጠኝነት ነው የምለው።

4. ፋብሪካዎቹን እወቋቸው

አባቶቻችንም መሣሪያን በስሙ ነበር የሚለዩት። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን እያሉ፣ የትኛው እንደማይከዳ ያውቁ ነበር። የዛሬው ስም ሌላ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ግሎክ የኦስትሪያ ሥራ ነው። የኦስትሪያ ጦር በ1982 ተቀበለው። አካሉ ፖሊመር (ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ መለዋወጫና ካዝና በየቦታው ርካሽ ነው። ግሎክ 19 ከ500 እስከ 600 ዶላር ይሸጣል። ያምራል የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ይሠራል። ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ (እንዳይተኩስ የሚያደርግ መቆለፊያ) የለውም። ፈትታችሁ ስታጸዱትም ምላጩን መሳብ ይጠይቃል። ጥይት መጉረሱን ሳያረጋግጥ ለጽዳት ምላጭ የሳበ ሰው እጁን ወይም ቤተሰቡን ሊመታ ይችላል።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ1852 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ኤም ኤንድ ፒ የሚባለው ሽጉጡ ከግሎክ ጋር በጥራት አንድ ሰፈር ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ረከስ ይላል፤ ሲፈታም ምላጭ መሳብ አይጠይቅም። የቼክ ሪፐብሊኩ ሲዜድ እጀታው እጅ ላይ ቁጭ ይላል፤ ፒ-10 ሲ የሚባለውን ከ400 እስከ 500 ዶላር ታገኙታላችሁ። የአሜሪካው ሩገርም ደህና የሆኑ ቀለል ያሉ ሽጉጦች አሉት።

የቱርኩ ካኒክ ብዙ ወገን ላይ ጥርጣሬ ያሳድራል። ምክንያቱን እረዳዋለሁ፤ አገር ቤት «የቱርክ ሽጉጥ» ሲባል በኮንትሮባንድ ተይዞ በዜና የሚታየው ነው ትዝ የሚለን። ካኒክ ግን ሳምሱን ከተማ ውስጥ ባለ ትልቅ ፋብሪካ የሚሠራ ነው። ከ350 እስከ 450 ዶላር ባለው ዋጋ እንደ እሱ ያለ ለስላሳ ምላጭ አላገኘሁም። ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው።

የብራዚሉ ታውረስ የርካሽ ገበያው ንጉሥ ነው። ጂ3ሲ የሚባለው ከ300 ዶላር በታች ይገኛል። ድርጅቱ የቆዩ ዘጠኝ ዓይነት ሽጉጦቹ ሲወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ ተከሶ፣ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ በስምምነት አልቋል። ስለዚህ የቆየ ታውረስ ከሰው እጅ ስትገዙ ሞዴሉ ከነዚያ ውስጥ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። አዲሶቹ ይሻላሉ። ብዙዎቹ በደንብ ይሠራሉ፤ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የጥራት ልዩነት ይታያል። ፈተናው የግድ ነው። ከ200 ዶላር በታች ያለው የኦሃዮው ሃይ ፖይንት ከባድና ግዙፍ ነው። ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው እንጂ እኔ አልመክረውም።

ትልቅ ስም ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳየው የሲግ ሳወር ፒ320 ታሪክ ነው። በ2017 የአሜሪካ ጦር ይህን ሽጉጥ መረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ ለሕዝብ የሚሸጠው ዓይነት በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታየ፤ ድርጅቱም በነፃ የማሻሻያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላም ምላጭ ሳይሳብ ተኩሷል የሚሉ ክሶች ቀጠሉ። በ2024 ጆርጂያና ፊላደልፊያ ውስጥ ጁሪዎች (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ለከሳሾች ፈረዱ። ድርጅቱ ሽጉጡ ችግር የለበትም ብሎ ይከራከራል። እኔ በበኩሌ ጉዳዩ ጠርቶ እስኪያልቅ ለጀማሪ ሌላ ሽጉጥ ነው የምመክረው። አንድ ሞዴል ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን ኢንተርኔት ላይ ጽፋችሁ ፋብሪካው ለጥገና መልሱ ብሎ የጠራው መሆን አለመሆኑን ፈልጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከ1000 ዶላር በላይ ያለውስ? እዚያ ገንዘቡ የሚገዛው በአብዛኛው አስተማማኝነት አይደለም። የተሻለ ምላጭ፣ ጥሩ ማነጣጠሪያ፣ ለውድድር የሚሆን ጥራት ነው። ለመጀመሪያ ሽጉጥ አያስፈልግም።

5. ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትኑት

ሻጩ ሲያቀብላችሁ ካዝናው ወጥቶ፣ ስላይዱ (ከላይ ያለው ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ተስቦ ክፍት ሆኖ መሆን አለበት። እናንተም በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። ሻጩ አይቶታል ብላችሁ አትለፉት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ ጣታችሁ ከምላጩ ይራቅ።

ከዚያ እጀታውን ጨብጡት። የአመልካች ጣታችሁ ጫፍ ሥጋ ምላጩ መሃል ላይ ይደርሳል? ወይስ ጨበጣችሁን ማዞር አለባችሁ? ስላይዱን ያለ ትግል መሳብ ትችላላችሁ? ባለቤትህ ወይም ባለቤትሽ ትጠቀምበታለች፣ ይጠቀምበታል ከተባለ እነሱም ይሞክሩት። እናቶች ስላይድ መሳብ አቅቷቸው ሻጩ ወደ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ስላይድ የሌለው ሽጉጥ) ሲገፋቸው አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጉልበት አይደለም፣ አያያዝ ነው። ስላይዱን በሙሉ መዳፍ ከላይ ጨብጦ፣ ሽጉጡን ወደ ፊት መግፋት ይቀላል። ባዶነቱን አረጋግጣችሁና ሻጩን አስፈቅዳችሁ ምላጩን አንዴ ሁለቴ ሳቡት። አሸዋ እንዳለበት የሚንገጫገጭ ከሆነ ሌላ እዩ።

6. ሳትገዙ ተኩሱ

ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ከ15 እስከ 25 ዶላር ከፍላችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሩ። መስታወት ሥር ያማረው ሽጉጥ ሲተኮስ ጣት ሊያሳምም ይችላል። እኔ በዚህ መንገድ ልገዛው አንድ ሐሙስ የቀረኝን ሽጉጥ ትቼ በ120 ዶላር የሚረክሰውን ወሰድኩ። እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው።

7. ያገለገለ መግዛት

ለኪስ ጠባብ ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ፖሊስ መሥሪያ ቤቶች በየጥቂት ዓመቱ ሽጉጣቸውን ይቀይራሉ። አሮጌው ለነጋዴ ይሄዳል። አብዛኛው ከማህደር ሲገባና ሲወጣ ውጪው የተላጨ ነው፤ የተተኮሰው ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። በዚህ መንገድ ከ300 እስከ 400 ዶላር ድረስ ግሎክ ወይም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይገኛል። 40 ካሊበሩ የበለጠ ይረክሳል፤ ጥይቱ ግን ይወደዳል፣ እርግጫውም ይከብዳል።

ስታዩት ውጪው አያስደንግጣችሁ። ሻጩ ይፍታላችሁና በርሜሉን (ጥይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ) ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ንጹሕና ጠመዝማዛው መስመር ጎልቶ የሚታይ መሆን አለበት። ቀለበት የመሰለ ጥቁር እብጠት፣ ጉድጓድ ወይም ዝገት ካያችሁ ተዉት። ቀለህ የሚስበው ጥርስ አለመሸረፉን እዩ። አንድ ሰው በቤቱ ምላጩን ለማለስለስ የሞረደው ወይም የማይታወቅ ዕቃ የገጠመበት ሽጉጥ ከሆነ ርካሽ ቢሆንም አትንኩት። ገዝታችሁ ስትወጡ የስላይዱን ሞላና የካዝናዎቹን ሞላ በአዲስ ቀይሩ። ከ50 ዶላር ብዙም አያልፍም፤ ያገለገለ ሽጉጥ የሚነክስበትን ዋና ምክንያትም ያስወግዳል።

ከግለሰብ መግዛትም አለ። ቨርጂኒያ በ2020 በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭም በነጋዴ በኩል ማጣሪያ እንዲጠይቅ ሕግ አውጥታ ነበር። ሰውዬው «ወረቀት አያስፈልግም» ካለ ትታችሁት ሂዱ።

8. የ300 ጥይቱ ፈተና

አዲስ ሽጉጥ የፋብሪካ ቅባት አለው። መጀመሪያ ጠርጋችሁ፣ መመሪያው በሚለው ቦታ ላይ ጥቂት ዘይት አድርጉ። ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ተከፋፍሎ 280 የመለማመጃ ጥይትና 20 የመከላከያ ጥይት ተኩሱ። ካዝናዎቻችሁ ላይ በማርከር 1፣ 2 ብላችሁ ቁጥር ጻፉ። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በነከሰ ቁጥር ስንተኛው ጥይት እንደሆነ፣ የትኛው ካዝና እንደነበር፣ ምን እንደተፈጠረ መዝግቡ።

መዝገቡ ብዙ ይነግራችኋል። ችግሩ ሁልጊዜ ካዝና 2 ላይ ከሆነ ካዝናውን ጣሉት፤ ሽጉጡ ደህና ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ከሆነ ጥይቱን ቀይሩ። ምላጩ ተስቦ፣ መርፌው መትቶ ሳይተኩስ ቢቀር ጥይቱ ከሽፎ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁና አውጡት። እናንተ ስትተኩሱ እየነከሰ አሠልጣኙ ሲተኩስ የማይነክስ ከሆነ እጃችሁ ላላ ብሏል ማለት ነው፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

የእኔ መመዘኛ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው 100 ጥይት ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ ቢነክስ አልፈዋለሁ። በመጨረሻው 200 ውስጥ ግን፣ ጥሩ ካዝናና ጥሩ ጥይት ይዤ፣ አንድም ጊዜ መንከስ የለበትም። ከነከሰ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል። ሲመለስ ፈተናው ከአንድ ይጀምራል። ሁለተኛ ከወደቀ፣ ችግሩን ነግራችሁ ሽጡትና ሌላ ግዙ። ለዚህ ነው የፋብሪካውን የጥገና ዋስትና አስቀድማችሁ አንብቡ የምለው። የመላኪያውን ማን ይከፍላል? ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው ወይስ ለሽጉጡ?

ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ ሽጉጡ የመለማመጃ ዕቃ ነው። ካለፈም በኋላ ማታ ከሥራ ስትመጡ ቦርሳ ውስጥ፣ ትራስ ሥር ወይም ቁምሳጥን ላይ አይቀመጥም። ልጆች የቁምሳጥን አናት ላይ ያለውን የስኳር ቆርቆሮ የሚያገኙትን ያህል ይህንንም ያገኙታል። ሳጥኑን ከግድግዳ ወይም ከአልጋው ብረት ጋር እሰሩት። የቁልፉን ቁጥር የልጅ የልደት ቀን አታድርጉት፤ ልጁ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።